የአጥራችን ሳማና የመጽሐፉ ሳማ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

ለዛሬው ንግግሬ ሳማን ርእስ አድርጌ መምረጤን ስትሰሙ ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይጠፋኝም። ስለ ትምህርት መስፋፋት፥ ስለ መማሪያ መጻሕፍት እጥረት፥ ስለ መምህሩ ኑሮ የሚነገር ስንት ቁም ነገር እያለ ስለ ሳማ መናገር ምን ይባላል? ሳማንስ የማያውቀው ማን ነው? በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ውስጥ አንዳንዶቻችን በእጃችን፥ አንዳንዶቻችን በእግራችን፥ ጥቂቶቻችንም በወላጆቻችን ቁጣ ምክንያት በባታችን አውቀነዋል።

ነገር ግን ማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውነታችን የሚያውቀው ነው፤ ሁለተኛው ዓይናችን መርምሮ፥ አእምሯችን አመዛዝኖ የሚያውቀው ነው። ሳማን በመጀመሪያው መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሁለተኛው መንገድ ግን እንድናውቀው የተሰጠን ብዙ ጊዜ የእኛ ሳማ ሳይሆን የሌላ አገር ሳማ ነው። በዚህ ንግግር ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ይኸውም ሁለት የሚዛመዱ ዕፀዋትን ጎን ለጎን አቁመን ስንመለከት፥ በመጽሐፍ የተጻፈው በደጃችን ከበቀለው ጋር የት ላይ እንደሚስማማና የት ላይ እንደሚለያይ፥ ከዚህም መምህሩ ምን ሊማር እንደሚገባው ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተቆጠሩ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ሁለቱን ሳሞች ላስተዋውቃችሁ። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 የዓለምን ዕፀዋት በየወገናቸው ለይቶ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ የሳማን ወገን ኡርቲካ ብሎ ጠርቶታል። ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጓሜውም ከማቃጠል ጋር የተያያዘ ነው። በዚሁ መጽሐፍ በአውሮጳ በየመንገዱ ዳር የሚገኘውን ትልቁን ሳማ ኡርቲካ ዲዮይካ፥ ትንሹን ሳማ ደግሞ ኡርቲካ ኡሬንስ ብሎ ሰይሟቸዋል። ስለ ሳማ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ ስንገልጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ትልቁን፥ ማለትም ኡርቲካ ዲዮይካን ነው። እኔም ከዚህ በኋላ «የመጽሐፉ ሳማ» የምለው እርሱን ነው።

የእኛው ሳማ ሌላ ነው። የሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል፤ «የስሜኑ ሳማ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የስሜንን ተራራ የሚያነሣበት ምክንያት አለው። ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ በትግራይና በስሜን እየተዘዋወረ በሺሕ የሚቈጠሩ ዕፀዋትን ሰብስቦ፥ አድርቆ፥ ወደ አውሮጳ ይልክ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የደጋ ዕፀዋታችን የሚጠሩበት የሳይንስ ስም የወጣላቸው በዚያ ዘመን ነው። የአማራው ገበሬ ሳማ፥ የኦሮሞው ገበሬ ዶቢ እያለ ሲጠራው የኖረው ቅጠልም እንዲሁ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሊቃውንት መዝገብ ገባ።

ሁለቱ የአንድ ወገን ልጆች እንደ መሆናቸው መጠን የሚመሳሰሉበት ብዙ ነው። በሁለቱም ቅጠሉ በግንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ጫፉ ሾጣጣ፥ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። የሁለቱም አበባ ትንሽና አረንጓዴ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሳማ አበባ ያለው አይመስለውም። ቀለም የለውም፤ የሚስብ ሽታም የለውም፤ ንብ እንዲጠራ አልተፈጠረምና። የሚያገለግለው ነፋስ ነው። የወንዴው አበባ አራት ዘንጎች በእንቡጡ ውስጥ ታጥፈው ይቆዩና ጊዜያቸው ሲደርስ እንደ ወጥመድ ተፈናጥረው የአበባውን ዱቄት ወደ አየር ይበትኑታል። በጸጥታ ጧት ፀሐይ ሲወጣ ከሳማው አጠገብ ታግሦ የተቀመጠ ሰው፥ ከቅርንጫፉ ላይ ጢስ የመሰለ ብናኝ ብልጭ ሲል ሊያይ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው መመሳሰላቸው ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሁለቱም ይለበልባሉ። በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በአጉሊ መነጽር ያያቸውን ነገሮች በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ ባሳተመ ጊዜ የሳማን ጠጉር ከነሥዕሉ አቅርቦ ነበር። ሁክ ጠጉሩን ከመነጽሩ ሥር አድርጎ ጣቱን ሲያስነካው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። እኛ እንደ ተራ ጠጉር የምናየው ነገር በእውነቱ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን መርፌ ነው። ከግርጌው ፈሳሽ የያዘ ከረጢት አለ፤ ጫፉ ደግሞ መስተዋት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተሠራ ስለ ሆነ ሲነካ ይሰበራል። የተሰበረው ጫፍ ስል ሆኖ ቆዳን ይበሳል፤ ከረጢቱ ሲጨመቅ ፈሳሹ ወደ ሰውነት ይገባል። ሳማን በድፍረት ጭምቅ አድርጎ የያዘ ሰው ዳር ዳሩን ከነካካው ያነሰ የሚለበለበውም ጠጉሮቹ ሳይበሱት ስለሚተኙለት ነው።

በፈሳሹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ብዙ መጻሕፍት «በጉንዳን ውስጥ የሚገኘው ፎርሚክ አሲድ ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ተማሪውም ይህንኑ ሸምድዶ ይመልሳል። ነገር ግን በ1947 ኤሜሊንና ፌልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በሳማው ጠጉር ውስጥ እንደሚገኙ አሳዩ። በ1956 ደግሞ ኮሊየርና ቼሸር የተባሉ ሁለት ሰዎች ሴሮቶኒን የተባለውን አገኙበት። የፎርሚክ አሲዱ መጠን ያን ያህል ሕመም ለማምጣት የሚበቃ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ በሉልኝ። የ1947ቱ ምርምር የተደረገው በትንሹ የአውሮጳ ሳማ በኡሬንስ ላይ ነው፤ የ1956ቱ የተደረገው በትልቁ በዲዮይካ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን ከጽሑፋቸው ርእስ ጀምረው ለይተው አስታውቀዋል። አንዱ ሳማ ከሌላው ጋር ስለ ተመሳሰለ የአንዱን ነገር ለሌላው አላበደሩም። የሳይንስ ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደሚለያዩበት ልለፍ።

አንደኛው ልዩነት አገራቸው ነው። የመጽሐፉ ሳማ በአውሮጳ ከዳር እስከ ዳር፥ በእስያም በብዙ ክፍል ይገኛል፤ ሰው ይዞት ተሻግሮ ዛሬ በአሜሪካም በሰፊው ይበቅላል። እርሱን ከአንድ አገር ቢያጠፉት በሌላ አገር ይገኛል። የእኛው ሳማ ግን በተፈጥሮው የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ከዚህ ተራራ ውጭ ሌላ ርስት የለውም። በየአጥሩ ስለ ተትረፈረፈ የተናቀው ይህ ቅጠል ከዓለም አንጻር ሲታይ እንደ ዋልያና እንደ ጭላዳ የዚህች ምድር ልዩ ሀብት ነው። የደጋው ልጅ የዋልያን ስም ከመጽሐፍ ያውቃል፤ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እየዘለለ የሚያልፈው ሳማ የዋልያ ባልንጀራ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ሁለተኛው ልዩነት የወራቱ ነገር ነው፤ መምህር ሁሉ በጥብቅ ሊያስብበት የሚገባውም ይህ ይመስለኛል። የአውሮጳው ሳማ በረዶና ብርድ ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው ግንዱ ደርቆ ይሞታል፤ ከመሬት በታች እየተሳበ የሚሄደው ቢጫ ሥር መሰል ግንዱ ግን በሕይወት ይቆይና በመጋቢትና በሚያዝያ ምድሩ ሲሞቅ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። መጽሐፉ ይህን «ዊንተር ሲመጣ ይሞታል» ብሎ ይጽፋል። መዝገበ ቃላታችን ደግሞ ዊንተርን «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ተማሪው በደብተሩ ላይ «ሳማ በክረምት ይደርቃል» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም መጽሐፉን አይቶ ትክክል ነው ይለዋል። የዚያ ተማሪ እናት ግን ይህን ብትሰማ ትስቃለች። በእኛ አገር ክረምት ማለት ዝናም ነው፤ ሳማው የሚለመልመው፥ ቅጠሉ የሚሰፋው፥ አጥሩን የሚያለብሰው በክረምት ነው። የሚጠወልገው በበጋው ድርቀት ነው። አንድ ቃል ከባሕር ማዶ ሲሻገር ትርጉሙ ተገልብጦ እውነቱን ሐሰት፥ ሐሰቱን እውነት አደረገው።

ነገሩ ከቃል ስሕተት አያልፍም የሚል ቢኖር፥ በልጁ ልብ ውስጥ የሚሆነውን ያስብልኝ። ልጁ ሳማው በክረምት ሲለመልም በዓይኑ አይቷል። መጽሐፉ ደግሞ በክረምት ይደርቃል ይለዋል። ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ፈተናውን ለማለፍ ሲል መጽሐፉን ይመርጣል። በዚህም ጊዜ ሳይታወቀው አንድ ከባድ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም ዓይኑን ማመን እንደሌለበት፥ እውቀት ማለት ከቤቱና ከመንደሩ ጋር የማይገናኝ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ይህን የተማረ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ቢቀመጥ ሸምዳጅ እንጂ ተመልካች አይሆንም።

ሦስተኛው ልዩነት የአካላቸው ነገር ነው። የመጽሐፉ ሳማ በሚስማማው መሬት ላይ እስከ 2 ሜትር ይረዝማል፤ የእኛው ብዙውን ጊዜ ከሰው ወገብ አያልፍም። ሊኔዎስ ትልቁን የአውሮጳ ሳማ ዲዮይካ ያለው በግሪክ «ሁለት ቤት» ከሚለው ቃል ወስዶ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው አበባ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግንድ ላይ አይገኙምና፥ አንዱ ሳማ ወንድ፥ አንዱ ሳማ ሴት ይሆናል። ትንሹ የአውሮጳ ሳማ ግን ወንዴውንም ሴቴውንም አበባ በአንድ ግንድ ላይ ይሸከማል፤ እንዲሁም በየዓመቱ ከዘር ይበቅላል እንጂ ከመሬት በታች የሚኖር ግንድ የለውም። እንግዲህ በአንድ ሜዳ የሚበቅሉት ሁለት የአውሮጳ ሳሞች እንኳ በቤተ ሰባቸው ሥርዐት ይህን ያህል ከተለያዩ፥ ስለ እኛው ሳማ ከእነርሱ መጽሐፍ ላይ ተነሥተን እንዴት ልንፈርድ እንችላለን? ፍርዱ የሚገኘው በአጥሩ ሥር ነው። ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቻችን ትተንላቸው፥ ቅርንጫፉን በአጉሊ መነጽር እያዩ ራሳቸው ይመልሱት።

ሁለቱ ሳሞች በመልክና በወራት እየተለያዩ በኑሮ ግን እንዴት አድርገው እንደሚገናኙ ደግሞ ልንገራችሁ። ሁለቱም የሰውን ልጅ ይከተላሉ። በረት የነበረበት፥ ፍግ የተጣለበት፥ አመድ የፈሰሰበት መሬት ይስማማቸዋል፤ ናይትሮጅንና ፎስፎር የበዛበት ነውና። በአውሮጳ ሰው ከለቀቀው ብዙ ዘመን በሆነው መንደር ቦታ ላይ ሳማው እየበቀለ የቀድሞዎቹ ሰዎች የት እንደ ነበሩ ይመሰክራል፤ ፎስፎር ከአፈር ቶሎ የሚጠፋ ነገር አይደለምና። የእኛም ሽማግሌዎች ባለቤቱ የጠፋበትን ቤት ሲያነሡ «ሳማ በቅሎበታል» ይላሉ። ይህን የተናገሩት ፎስፎርን መዝነው አይደለም፤ ነገር ግን ያዩት ነገር እውነት ነው። መምህሩ የሽማግሌውን አነጋገርና የአፈሩን ትምህርት አገናኝቶ ቢያስተምር ታሪክንና ሳይንስን በአንድ ሰዓት አስተማረ ማለት ነው።

ሁለቱም ሳሞች ደግሞ የችግር ቀን ምግብ ናቸው። በእኛ ደጋ ሰኔና ሐምሌ የጎተራ መጉደያ ወራት ናቸው፤ አሮጌው እህል አልቋል፥ አዲሱ ገና በማሳ ነው። ሳማው የሚለመልመው በዚያው ጊዜ ነው። ሴቶች ለጋውን ቅጠል በእንጨት መቆንጠጫ ወይም በወፍራም ጨርቅ እየያዙ ይለቅሙታል፤ አጥበው ይቀቅሉታል፤ ሽሮ ወይም የገብስ ዱቄት ጨምረው፥ ጨው አድርገው፥ በእንጀራ ወይም በቂጣ ያቀርቡታል። የፈላ ውሃ የነካው ሳማ አይለበልብም፤ መርፌው ይለሰልሳል፥ ፈሳሹም ኀይሉን ያጣል። በጎረቤታችን በኬንያ ደጋም ኪኩዩዎች ታባይ የሚሉትን የራሳቸውን ሳማ ከድንችና ከበቆሎ ጋር ቀቅለው ይበሉታል።

በአውሮጳም ነገሩ ያው ነበር። የወራቱ ስም ይለያይ እንጂ፥ በዚያም ሳማው የሚያቈጠቍጠው የብርዱ ወራት ስንቅ ባለቀበት፥ የጓሮ አትክልት ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው። በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ሕዝቡ ሳማ ለቅሞ በልቷል። ዛሬ በስዊድን የሳማ ሾርባ ፀደይ ሲገባ በደስታ የሚጠበቅ ምግብ ነው። እንግዲህ ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች፥ አንዱ በዝናም አንዱ በፀሐይ፥ ሰው በተቸገረበት ጊዜ በደጁ ይገኛሉ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ በዚህ ቦታ ላይ ከሳይንስ ያለፈ ጉዳይ አለ። በክፍላችን ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል ዛሬ ጧት ሳማ በልቶ የመጣ ይኖራል። ስለ ሳማ በቀልድ ስንናገርና ክፍሉ ሲሥቅ፥ እርሱ አንገቱን ይደፋል። ሳማ መብላት የድኽነት ምልክት ተደርጎ ስለሚቈጠር ልጁ የእናቱን ወጥ ይሸሽጋል። መምህሩ ይህን ኀፍረት ሊያከብደውም ሊያቀልለውም ይችላል። የሚያቀልለው ግን «ስዊድኖችም ይበሉታል» በማለት ብቻ አይደለም። የፈረንጅ ምስክር እስኪመጣ ድረስ የእናቱ ምግብ ክብር የለውም ማለት ይሆናልና፥ ይህ ሌላ ውርደት ነው። የሚያቀልለው የእናቱን ሥራ እንደ እውቀት ቈጥሮ ሲያስተምርበት ነው። ለጋውን ከደረቀው መለየት፥ ሳይለበለቡ መልቀም፥ በስንት ፍል ማለስለስ እንደሚገባው ማወቅ፥ ይህ ሁሉ በብዙ ትውልድ ሙከራ የተገኘ ትምህርት ነው። መምህሩ «እናትህን ጠይቀህ ና» ብሎ የላከው ልጅ በማግሥቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ይመጣል።

አውሮጳውያን ደግሞ እኛ የማናደርገውን አንድ ነገር በሳማቸው አድርገዋል፤ ከግንዱ ልጥ አውጥተው ልብስ ሠርተውበታል። በዴንማርክ ሉሴሆይ በተባለ ቦታ ከአንድ የጥንት መቃብር የተገኘና ዕድሜው ወደ 2,800 ዓመት የሚጠጋ ጨርቅ በ2012 በወጣ ምርምር ከሳማ ልጥ የተሠራ መሆኑ ታውቋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ጀርመንና ኦስትሪያ ጥጥ በጠፋባቸው ጊዜ ሳማ ሰብስበው ለወታደር ልብስ አውለውታል። የእኛ ሳማ አጭር ነው፤ ልጡ ለዚህ ይበቃ እንደ ሆነ መሞከር ለእጅ ሥራ ክፍል መልካም ፈተና ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የማስተምር እንደ መሆኔ፥ ከእኛ የሚወጡት ወጣቶች የሚመደቡት አጉሊ መነጽር አንድ ብቻ ወይም ጭራሹን በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት መሆኑን አውቃለሁ። ሳማን የመረጥኩትም ስለዚህ ነው። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ገንዘብ የለም፤ በደጋው አገር ሳማ የሌለበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነውና። መምህሩ ከዚህ የሚከተለውን እንዲያደርግ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ጥንቃቄ ያድርግ። ቅጠሉን በወፍራም ጨርቅ ወይም በመቆንጠጫ ይያዝ፤ በውሃ በተሞላ ጠርሙስ አቁሞ በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ማንም ልጅ በግድ እንዳይነካው፥ አንዱም ሌላውን እንዳያስነካው ይከልክል። ሳማ በብዙ ቤት የቅጣት መሣሪያ ሆኖ ኖሯል፤ በትምህርት ቤት ግን ሳማ ወደ ክፍል የሚገባው ሊታይ ብቻ ነው። ሳማን በቅጣት የሚያውቅ ልጅ መምህሩ ቅጠሉን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርሃት ነውና፥ መምህሩ ፍርሃቱን ወደ መመራመር መለወጥ አለበት።

ሁለተኛ፥ ከመጽሐፉ በፊት ሥዕል ይቅደም። ተማሪው ያየውን እንጂ በመጽሐፍ የተሣለውን አይገልብጥ። ከሣለ በኋላ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያይቶ፥ የተስማማበትን በአንድ ወገን፥ የተለያየበትን በሌላ ወገን ይጻፍ።

ሦስተኛ፥ አምስት ጥያቄዎችን ይዞ ወደ አጥሩ ይሂድ። ግንዱ ሲዳሰስ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? በየአንጓው ላይ፥ በቅጠሉ እግር ሥር ያሉት ትንንሽ ቅጠል መሳዮች ስንት ናቸው? የአውሮጳው ትልቅ ሳማ አራት ለየብቻ የቆሙ አሉትና የእኛውን ይቍጠር። ወንዴውና ሴቴው አበባ በአንድ ግንድ ላይ ናቸው ወይስ በሁለት? ሥሩ ተቈፍሮ ሲታይ በዘር የበቀለ ነው ወይስ ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ውስጥ የተያያዘ? በቅጠሉ ሥር የሚኖር አባ ጨጓሬ ወይም ሌላ ትል አለ ወይ? በአውሮጳ የአንዳንድ ውብ ቢራቢሮዎች ትሎች የሚያድጉት ሳማ በልተው ነው፤ የእኛውን ሳማ ማን እንደሚበላው ልጆቹ ይፈልጉ።

አራተኛ፥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ መዝገብ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየወሩ አንድ ቀን ሳማው ስንት ጣት እንደ ረዘመ፥ አበባ ይኑረው አይኑረው፥ መቼ እንደ ጠወለገ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ «ዊንተር» እና «ክረምት» አንድ አለመሆናቸውን ከመምህሩ አፍ ሳይሆን ከገዛ መዝገባቸው ይማራሉ።

አምስተኛ፥ የሰፈር መድኀኒትንም በጥያቄ ይመርምር። የእንግሊዝ ልጆች ሳማ ሲለበልባቸው የሚያሹት አንድ ሰፊ ቅጠል አለ፤ እርሱም የእኛው የቱልትና የመቅመቆ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ በእርግጥ መርዙን እንደሚያጠፋ የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም፤ ቅዝቃዜውና ማሻሸቱ ግን ሊያስታግስ ይችላል። «በእናንተ ሰፈር ምን ያሹበታል? በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብስ?» ብሎ መጠየቅ ተማሪውን ከመስማት ወደ መመዘን ያሻግረዋል።

የተከበራችሁ የትምህርት ባለሥልጣኖች፤ ከእናንተም የምንለምነው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፥ የተፈጥሮ ሳይንስ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ወይም ሲተረጎሙ ቃል ለቃል ከመመለስ አልፎ፥ እያንዳንዱ ምሳሌ በአገራችን ምድርና ወራት ይመዘን። አንድ የደጋ መምህርና አንድ የቈላ መምህር ረቂቁን ቢያነቡት ብዙ «ክረምት» ቦታውን ያገኛል። ሁለተኛው፥ ፈተና ሲወጣ ከመጽሐፍ የተሸመደደውን ብቻ ሳይሆን በዓይን የታየውንም የሚጠይቅ ይሁን። የማይፈተን ነገር እንደማይጠና ሁላችንም እናውቃለንና፥ በአጥር ሥር የተገኘ እውቀት ማርክ እስካላስገኘ ድረስ ተማሪውን ወደ አጥሩ የሚወስደው መምህር ጊዜ አባካኝ ተብሎ መነቀፉ አይቀርም።

የመጽሐፉን ሳማ እንጣለው አላልኩም። እርሱን ባናውቅ የእኛው በምን እንደሚለይ ባላወቅን ነበር። ሊኔዎስም፥ ሁክም፥ በ1947ና በ1956 የደከሙትም የሠሩልን ሥራ የሁሉም ነው። ነገር ግን እነርሱ ሁሉ የጀመሩት በየደጃቸው የነበረውን ተክል ጎንበስ ብሎ በመመልከት ነበር። ከእነርሱ የምንወርሰው የደረሱበትን ቃል ብቻ ከሆነ ፍሬውን በላን እንጂ ዘሩን አልዘራንም። ጎንበስ ብሎ ማየቱን የወረስን እንደ ሆነ ግን፥ ስለ ኢትዮጵያ ሳማ የሚጻፈውን ቀጣዩን ምዕራፍ ከእኛ ተማሪዎች አንዱ ይጽፈዋል። በሌላ አገር የማይገኝ ተክል በደጁ ያለው እርሱ ነውና፥ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የቀረበ ሰው የለም።